ዲቪዲ ማጫወቻ ስትገዙ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ

አያት፣ ጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያገለገለ ዲቪዲ ማጫወቻ ለምትፈልጉ፦ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ዕቃውን አዙሩና ጀርባው ላይ የሉል ምልክት ፈልጉ። ውስጧ ያለው ቁጥር የክልል ኮዱ ነው፤ ማጫወቻው የየትኛውን የዓለም ክፍል ዲስክ እንደሚያጫውት ያሳያል። የኢትዮጵያ 5፣ የአሜሪካና የካናዳ 1፣ የምዕራብ አውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ 2 ነው። ዘመድ ከዋሽንግተን የላከላችሁ ኦሪጅናል ፊልም ባለ 5 ማጫወቻ ላይ እምቢ ቢል ዲስኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ የፊልም ኩባንያዎቹ በየአገሩ በተለያየ ጊዜና ዋጋ ለመሸጥ ብለው ስለቆለፉት ነው። ስለዚህ «ኦል» (ALL) የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን፣ ማለትም የሁሉንም ክልል ዲስክ የሚያጫውተውን ምረጡ።

ጽሑፉን ብቻ ግን አትመኑ። ልታዩት የምትፈልጉትን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስሞክሩ፣ ቢቻል እንደቤታችሁ ባለ ቴሌቪዥን። የአሜሪካ ዲስክ የምስል ሥርዓት ኤንቲኤስሲ፣ የእኛ አገር የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ ፓል የሚባለው ስለሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙ ሊጠፋ ወይም ምስሉ ሊንከባለል ይችላል። አዳዲሶቹ ፍላት ስክሪኖች ላይ ብዙም አያስቸግርም።

የሠርግና የልደት ቀረጻ ብቻ ለምታዩ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ቤት የተቀዳ ዲስክ የክልል ቁልፍ የለውም። በላፕቶፕ የምታዩ ግን «ክልል ይቀየር?» ሲላችሁ ዝም ብላችሁ እሺ አትበሉ። የሚፈቀደው 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ምርጫ ላይ ይቆለፋል።