«ስድስት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ»፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ የሚውልበት ቀን የለም። «ለምንድነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ አንዳንዱን ያስቀይማል። አንዱ ጉንፋን ይላል። አንዷ ጥርሴን ትላለች። «ኧረ እቤት ይኑር ብዬ ነው» የሚልም አለ።

አሞክሳሲሊን ጥሩ መድኃኒት ነው። ከፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው፤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ ቆይቷል። ዋጋው እንደ ሌሎቹ አይከብድም። ለሕፃናትም ለነፍሰ ጡሮችም ይታዘዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም አንቲባዮቲኮችን (የባክቴሪያ መድኃኒቶችን) ሲመድብ ቅድሚያ ሊታዘዙ ከሚገባቸው ተርታ አስገብቶታል። ጣጣው ይህ ጥሩነቱ አስንቆታል። ሰው እንደ ራስ ምታት ማስታገሻ ያየዋል። በሕጉ ግን ያለ ማዘዣ ወረቀት የማይሸጥ መድኃኒት ነው።

ለጉንፋን መዋጥ

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን የሚሠራው የባክቴሪያን ግድግዳ በማፍረስ ነው። ቫይረስ ይህ ግድግዳ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። «እኔን ግን ሁሌም ያሽለኛል» የሚል አይጠፋም። መሻሉማ ይሻልዎታል። ጉንፋን ቢውጡም ባይውጡም በሳምንት ገደማ የሚለቅ ነገር ነው። ሰውነትዎ ለፍቶ ምስጋናውን ካፕሱሉ ወሰደው። አክታው ቢጫ ወይም አረንጓዴ መሆኑም ብቻውን ባክቴሪያ ነው አያሰኝም።

ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሌላ ጨዋታ ነው። አንድ ዙር አሞክሳሲሊን ጨርሶ፣ ስላልተሻለው ሁለተኛ ዙር የሚገዛ ሰው አለ። አሞክሳሲሊን ቲቢን አያድንም። ሰውየው ካፕሱል ሲቀያይር ቲቢው ቤተሰቡን ሊያዳርስ ይችላል። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ቶንሲልን መናቅ

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም እንደ ጉንፋኑ ከቫይረስ የሚመጣ ነው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ በወጉ ካልታከመ ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። እሱ ደግሞ የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል። አገራችን ውስጥ ገና በልጅነታቸው በልብ ሕመም የሚመላለሱ ብዙ ናቸው፤ የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ትኩሳት ካለው፣ መዋጥ ካቃተው፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየና ከመንጋጋው ሥር ንፍፊት ካበጠ፣ በተለይ ሳልና ንፍጥ ከሌለው፣ ያስመርምሩት። አሞክሳሲሊን ከታዘዘለት ብዙውን ጊዜ ለ10 ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን እየሮጠ ኳስ ቢጫወትም 10 ቀን ነው። አሥሩን ቀን መከታተል እንደማይችሉ ካወቁ አስቀድመው ይናገሩ። በአንድ ጊዜ የሚያበቃ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ አለ።

ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት

በእኔ እይታ በየቤቱ በብዛት የሚሠራው ስህተት ይሄ ነው። ብዙም አይወራለትም።

«በቀን ሦስት ጊዜ» ሲባል ሰው ከምግብ ጋር ያያይዘዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ከቁርስ ጋር፣ 7 ሰዓት ላይ ከምሳ ጋር፣ ማታ 1 ሰዓት ከእራት ጋር። አሁን ይቁጠሩት። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት 13 ሰዓት ነው። አሞክሳሲሊን ደግሞ ሰውነት ውስጥ አይከርምም። ጤነኛ ኩላሊት ባለው ሰው ደም ውስጥ ካለው ግማሹ በአንድ ሰዓት ገደማ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሜዳው ለባክቴሪያው ተለቀቀ ማለት ነው።

የዚህ መድኃኒት ጉልበት ያለው ደም ውስጥ በበቂ መጠን ለረጅም ሰዓት በመቆየቱ ላይ ነው። «ቀን ረሳሁት፣ ማታ ሁለቱን ልዋጥ» የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ከረሱ እንዳስታወሱ አንዱን ይዋጡ። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ደግሞ ያለፈውን ይተዉት።

በየ8 ሰዓቱ ማለት ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ነው። ትንሽ ቢዛነፍ አይጨነቁ። ምግብም ግዴታ አይደለም፤ በባዶ ሆድም ይዋጣል። ሆድዎን ካወከዎት ከምግብ ጋር ያድርጉት።

ውጭ አገር ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ለሄዱ እናትና አባት አንድ ነገር ልጨምር። ዋሽንግተን ያለችው ልጅ ከሥራ ሆና «እማዬ፣ በስምንት ሰዓት ዋጪ» ትላለች። እሷ ያሰበችው በፈረንጅ ሰዓት ጠዋቱን ነው። እማማ ግን ስምንት ሰዓት የሚሉት ከምሳ በኋላ ያለውን ነው። «ጠዋት ስትነሺ፣ ከምሳ በኋላ፣ ልትተኚ ስትይ» ብሎ መንገር ይሻላል።

ጾምም አለ። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው የጠዋቱን ፍሬ ዝም ብሎ ይዘለዋል። ለንስሐ አባትዎ መታመምዎን ይንገሯቸው። በረመዳን የታመመ ሰውም የመጾም ግዴታ የለበትም። ያም ሆኖ እጾማለሁ ካሉ ገና ማዘዣው ሲጻፍ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ አማራጭ ሊፈልግልዎት ይችላል። የሰዓቱን ነገር ግን በራስዎ አይቀይሩት።

ግማሽ ገዝቶ ግማሽ መዋጥ

ወደ ስድስቷ ፍሬ እንምጣ። አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ነው። ለ5 ቀን 15 ፍሬ ይሆናል፤ ለ7 ቀን 21። ስድስት ፍሬ የሁለት ቀን ነው። በሁለት ቀን ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል። የቀሩት ጠንካሮቹ ናቸው።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 (እ.ኤ.አ.) በኖቤል ንግግሩ ላይ ይህንኑ ተናግሮ ነበር። ከሚበቃው በታች መውሰድ ባክቴሪያውን መቋቋም ያስተምረዋል ብሎ አስጠንቅቋል። ያኔ መድኃኒቱ ገና አዲስ ነበር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል።

«ሰውነቴ አሞክሳሲሊንን ተላምዶታል» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚላመደው ሰውነት አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ባክቴሪያው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። አሞክሳሲሊን በአፏ ገብቶ የማያውቅ ሕፃንም መድኃኒቱ የማይሠራበትን ጀርም ከቤተሰቧ ልትወስድ ትችላለች።

በሌላ በኩል ብዙ ቀን መዋጥ ሁሌም የተሻለ ነው ማለት አይደለም። ድሮ «ለማንኛውም» እየተባለ ይረዝም ነበር። አሁን ለብዙ ኢንፌክሽኖች አጭር ጊዜ እንደሚበቃ ታውቋል። የቀኑን ብዛት የሚወስነው በሽታው ነው። የታዘዘልዎትን ያህል ይውሰዱ፤ አይቀንሱ፣ አይጨምሩም። የከበደዎት ገንዘቡ ከሆነ ደግሞ አይፈሩ፣ መስኮቱ ላይ ይናገሩ። ርካሹን ምርት መፈለግ ይቻላል። ግማሹን ገዝቶ «ቀሪውን ደመወዝ ሲገባ» ማለት ግን ለግማሹም የወጣውን ብር መጣል ነው።

የልጆች ዱቄት

የልጆች ሽሮፕ በዱቄት መልክ በጠርሙስ ይመጣል። ብዙ ቤት ውስጥ ስህተቱ የሚጀምረው ክዳኑ ሲከፈት ነው።

መጀመሪያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርገው ከሥሩ የተጋገረውን ዱቄት ያላሉት። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያዘጋጁ፤ ትኩስ ውሃ አይሆንም። እስከ ግማሽ ይጨምሩና በደንብ ይነቅንቁት። ከዚያ አረፋው እስኪወርድ ይጠብቁ። አረፋውን እንደ ውሃ ቆጥሮ መስመሩ ላይ ደረሰ ማለት የተለመደ ነው፤ እንዲያ ከሆነ መድኃኒቱ ይወፍራል። አረፋው ሲወርድ እስከ መስመሩ ይሙሉትና እንደገና ይነቅንቁት። በየጊዜው ከመስጠትዎ በፊትም ይነቅንቁት። ካልተነቀነቀ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ውሃ ይጠጣል፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጩን ይውጣል።

መለኪያውስ? የቤት ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም። 5 ሚሊ ሊትር ከተባለ ከጠርሙሱ ጋር በመጣው ማንኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ይለኩ። ሌላም አለ። በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለውና 250 ሚሊ ግራም ያለው ጠርሙስ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ባለፈው «አንድ ማንኪያ» ተብሎ ነበር ብለው በዚያው ቢቀጥሉ መጠኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል። ቁጥሩን ያንብቡ።

የተበጠበጠ ሽሮፕ እንደ ምርቱ ዓይነት ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ስንት ቀን፣ ፍሪጅ ያስፈልገዋል አያስፈልገውም የሚለው ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። የተረፈውን ለሚቀጥለው ጉንፋን አያስቀምጡ።

በየጤና ኬላው ለሳንባ ምች የሚሰጠው ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ፍሬ ነው። በማንኪያ ንጹሕ ውሃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ያሟሙታል። ለገጠር ቤተሰብ ይህ ከጠርሙሱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሚበጠበጥም የሚበላሽም ነገር የለውም። ሳንባ ምች ከጠረጠሩ ልጁ ጸጥ ባለበት ትንፋሹን ይቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። መጥባት ካቃተው፣ ሁሉን ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ካፕሱሉን ፈትቶ ቁስል ላይ መነስነስ

ድሮ በቴትራሳይክሊን ነበር፤ አሁን በአሞክሳሲሊንም ይደረጋል። ካፕሱሉን ለሁለት ይከፍቱና ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ያፈሱታል። ከላይ ደርቆ ቅርፊት ይሠራል፤ ከሥር መግሉ እንዳለ ነው። አለርጂም ሊቀሰቅስ ይችላል። በንጹሕ ውሃና ሳሙና ይጠቡት። ጥልቅ ከሆነ ይታዩ።

የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ መጨመርም ያው ነው። የጥርስ ሕመም ምንጩ ጥርሱ ነው፤ መሞላት ወይም መነቀል አለበት። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ወይም አፍ መክፈት ካቃተዎት አይደሩ።

«ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ሳይሉ መቀበል

ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን ወይም ኦግመንቲን ወስደው ሰውነትዎ ካሳከከ፣ ሽፍታ ካወጣ ወይም ካበጠ ሳይጠየቁ ይናገሩ። አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከዋጡ በኋላ ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስዎን ሊስቱ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ቀለል ያለ ተቅማጥ ወይም ማቅለሽለሽ ግን አለርጂ አይደለም። ተቅማጡ ደም ካለው ወይም ከበረታ ይታዩ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ይናገሩ፤ የደምዎ ልኬት ሊዛባ ይችላል።

በነገራችን ላይ ሠርግ ስለመጣ መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው አለ። ከአልኮል ጋር አብሮ አይወሰድም የሚባለው ፍላጂል ነው። አሞክሳሲሊን ከአልኮል ጋር እንደዚያ አይጣላም። ለታመመ ሰው መጠጥ ባይመከርም መድኃኒቱን ከማቋረጥ ብርጭቆውን መተው ይቀላል።

የጎረቤት ትርፍ፣ የሻንጣ ስንቅ

«ለእኔ ሠርቶልኛል፣ እንኪ ሞክሪው» ደግነት ነው፤ ሕክምና ግን አይደለም። ሽንት ሲያቃጥል አሞክሳሲሊን መዋጥ ብዙ ጊዜ ዋጋ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙን የሚያመጣው ኢ ኮላይ ተላምዶታል። ጨብጥንም አያድንም። የተደበቀ ሕመም ደግሞ ለትዳር ጓደኛም ይተርፋል።

ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ ሻንጣ ውስጥ የሚወረወረው ስትሪፕም አለ። እዚያ ያለ ማዘዣ ስለማይገኝ ነው፤ ይገባኛል። ግን ከዓመት በኋላ ሳውዲ ውስጥ ሌሊት ትኩሳት የያዛት ልጅ ያን ስትሪፕ ስታወጣ ወባ ይሁን ምን አታውቅም። ቀኑ ይለፍበት አይለፍበትም አታይም። አሞክሳሲሊን ወባን አይነካም።

እቤትዎ የተረፈ ካለ በሚቀርብዎት ፋርማሲ ምን እንደሚያደርጉበት ይጠይቁ፤ ሽንት ቤት አይጣሉት። መድኃኒት ወስደው የገጠመዎትን ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ነፃ መስመር ማሳወቅ ይችላሉ። ሲደውሉ ስትሪፑን በእጅዎ ይያዙ፤ ጀርባው ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር ያስፈልጋል።