ድምፅ ከመስጠትዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የውሳኔ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ላይ «እሱን ለምን መረጥከው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ ይናገራል። የምርጫ ሥነ ልቦና ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ ውሳኔው ቀድሞ ምክንያቱ ተከትሎ እንደሚመጣ ያሳያሉ። «ይህ ሰው አምስት ዓመት ምክር ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። አእምሮ ሳያስታውቅ በቀላል ጥያቄ ይተካዋል፦ «ደስ ይለኛል ወይ?» የተማረም ያልተማረም እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ፊት አይቶ መፍረድ

እ.ኤ.አ. በ2005 አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ የአሜሪካ ሴኔት ተወዳዳሪዎችን ፎቶ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ለማያውቋቸው ሰዎች አሳዩ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ ከሁለቱ ብቁ የሚመስለው ማነው? ከ10 ውድድሮች በ7 ያህሉ «ብቁ ይመስላል» የተባለው ያሸነፈው ሆኖ ተገኘ። በ2009 ደግሞ አንቶናኪስና ዳልጋስ ለስዊዘርላንድ ልጆች የፈረንሳይ ተወዳዳሪዎችን ፎቶ ሰጥተው «ለመርከብ ጉዞ ካፒቴን ምረጡ» አሏቸው። የልጆቹም ምርጫ ከአዋቂዎቹ ውጤት ጋር በብዛት ገጠመ።

ፊት ግን ሥራ አይናገርም። ሸዋ በር ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፎቶ በደንብ የተነሳና የተስተካከለ ነው፤ ዓይንዎ ካረፈበት በኋላ የሚያነቡት ሁሉ በእሱ ተቀብቶ ይደርስዎታል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ቤት ውስጥ አንድ ሰው የዕጩዎቹን የትምህርትና የሥራ ታሪክ፣ የፓርቲያቸውን ወይም የግላቸውን የምርጫ ማኒፌስቶ ስም ሳይጠራ ያንብብልዎ። ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ይስጡና ይጻፉት። ስሙና ፎቶው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ስሙን ሲሰሙ ነጥቡን ለመቀየር እጅዎ ከተቁነጠነጠ፣ የቀየረዎት ምን እንደሆነ ያኔ በግልጽ ይታይዎታል።

ሦስቴ የሰሙትን እንደ እውነት መያዝ

በ1977 (እ.ኤ.አ.) ሀሸር፣ ጎልድስቲንና ቶፒኖ ያደረጉት ሙከራ ቀላል ነው። ተሳታፊዎች በየሁለት ሳምንቱ ዓረፍተ ነገሮች ይሰማሉ፤ ጥቂቶቹ ይደጋገማሉ። የተደጋገመው፣ ሐሰት የሆነውም ጭምር፣ በሄደ ቁጥር እውነት እየመሰላቸው መጣ።

ቡና ላይ እንዴት እንደሚሆን ልብ ይበሉ። አቦሉ ሲጠጣ አንዷ «እገሌ የሕዝብ ገንዘብ በልቷል አሉ» ትላለች። ቶናው ላይ ሌላዋ ያንኑ ታነሳለች። በረካው ሲቀዳ «አሉ» የምትለዋ ቃል የለችም፤ «ያ ገንዘብ የበላው ሰውዬ» ሆኗል። ማንም የዋሸ የለም፤ የወደቀችው አንዲት ቃል ብቻ ናት። መድኃኒቱ «ዓይቶ የተናገረው ማነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስልክ ላይም እንዲሁ፦ አንድ ወሬ አራት የቴሌግራም ቻናል ላይ ካዩ ቃላቱን ያነጻጽሩ። የፊደል ግድፈቱ ሳይቀር አንድ ከሆነ፣ ምንጩ አራት ሳይሆን አንድ ሊሆን ይችላል።

ከቅሬው (ከዕድሩ) ላለመለየት መምረጥ

ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚመጣው ከምንወዳቸው ሰዎች ነው። የቅሬው ሰብሳቢ፣ ታላቅ ወንድም፣ የሰፈር አዛውንት የተናገሩትን መቃወም ነውር ይመስላል። ሰው ቡድኑን ለመለየት ትልቅ ምክንያት አይሻም፦ ሄንሪ ታጅፌል በ1970 ገደማ (እ.ኤ.አ.) ተማሪዎችን በሥዕል ምርጫ ብቻ ለሁለት ሲከፍላቸው፣ ተማሪዎቹ ወዲያው ለየራሳቸው ቡድን አዳሉ። ጄፍሪ ኮኸን ደግሞ በ2003 አንድን የማኅበራዊ ድጋፍ ፖሊሲ በተለያየ ፓርቲ ስም ሲያቀርበው፣ ተማሪዎቹ የፖሊሲውን ይዘት ትተው የፓርቲውን ስም ተከተሉ። ሲጠየቁ ግን ይዘቱን አይተን ነው የወሰንነው አሉ።

ቅሬው መረጃ ይስጥዎ። ማን ስብሰባ ላይ ምን እንደተናገረ፣ ማን ቃሉን እንደጠበቀ ከጎረቤት የበለጠ የሚያውቅ የለም። ውሳኔውን ግን አይረከቡት። አንድ ሐሳብ ሲደግፉ «ይህንኑ የማልወደው ፓርቲ ቢያቀርበው እቀበለው ነበር?» ይበሉ። የወሎ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆኖ አብሮ ሲኖር የኖረ ነው፤ በድምፅ መለያየትም ቡና አያቋርጥም። ደግሞም ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ያዛል። የመረጡትን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብዎትም።

የመጨረሻውን ዓመት ብቻ መቁጠር

ሂሊ እና ሌንዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ መራጮች ሙሉውን ዘመን ሊመዝኑ ፈልገው የምርጫውን ዓመት ይመዝናሉ፤ ቅርብ ያለው በቀላሉ ስለሚታወስ ነው። ወረቀት ላይ አምስት መስመር ያስምሩና ከመጀመሪያው ዓመት ይጀምሩ፦ የጤፍ ዋጋ፣ የውሃ ፈረቃ፣ ሰላም፣ ሥራ። ሁለተኛው ዓመት ባዶ ከሆነብዎ ቤተሰብ ይጠይቁ።

ሁለቱን ወረቀት በአንድ ሐሳብ መሙላት

በጠቅላላ ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት የሚሰጠው ድምፅ የተለያየ ነው። መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነትና ገንዘብ የፌዴራል ጉዳይ ናቸው፤ የክልል ፖሊስና የመሬት አስተዳደር የክልሉ ናቸው። የሰፈር ኮብልስቶን የከተማ አስተዳደሩ ሥራ ነው፤ ለፌዴራል ዕጩ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ ወረቀቱ ላይ ስሙን አያገኙትም፣ በዚያው የምርጫ ክልል ካልተወዳደረ በቀር።

አብላጫውን ድምፅ በስሜት ማስላት

እኛ ዘንድ የሚያሸንፈው ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም። 10,000 ሰው ድምፅ ቢሰጥና አራት ዕጩዎች 3,400፣ 3,100፣ 2,300 እና 1,200 ቢያገኙ፣ የመጀመሪያው ያሸንፋል፤ 6,600 ሰው ግን አልመረጠውም። ሦስተኛውንና አራተኛውን የመረጡት ከሁለተኛው ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ካላቸው፣ ድምፃቸው ተበትኖ የማይፈልጉትን አሳልፏል። ይህን ስሌት ዓይተው ሁለተኛ ምርጫዎን ቢመርጡም፣ አይተው ለመጀመሪያው ቢጸኑም ውሳኔው የእርስዎ ነው። ስህተቱ ስሌቱን ሳያዩ «ሰው ሁሉ ለእሱ ነው» በሚል ወሬ መነዳት ነው።

ወረቀቱ ፊት ቆሞ መወሰን

በኦሃዮ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ምርጫዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ስማቸው መጀመሪያ የተጻፈ ዕጩዎች በአማካይ 2.5 በመቶ ነጥብ ያህል ተጨማሪ አግኝተዋል። ሳይወስን የገባ መራጭ የላይኛውን መስመር ይነካል። የመረጡትን ሰው ስምና ምልክት አስቀድመው ይያዙ፤ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ምልክት ካደረጉ ወረቀቱ ይበላሻል።

«እሄዳለሁ» ብሎ መተው

ኒከርሰንና ሮጀርስ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በፔንሲልቬንያ መራጮችን በስልክ «ስንት ሰዓት? ከየት ተነስተህ? ከዚያ በፊት ምን ትሠራለህ?» ብለው ጠየቁ። የተሳትፎው መጠን በ4 በመቶ ነጥብ ያህል ከፍ አለ፤ ጎልቶ የታየውም ብቸኛ መራጭ በሚኖርበት ቤት ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠራ እህት ለራሷ ልትመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም እነዚሁ ናቸው፦ ከፈረቃ ስወጣ ስንት ሰዓት ይሆናል? ልጁን ማን ይይዝልኛል? የመራጭነት ካርዴ ከየትኛው ሻንጣ ነው ያለው?