የሹራብ ልብስ ታሪፍ ቁጥር፦ ከኢንቮይሱ በፊት ልብሱን እዩት

ልብስ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የታሪፍ ቁጥሩን፣ ማለትም ጉምሩክ ዕቃውን የሚመድብበትንና ቀረጡ የሚወሰንበትን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከሻጩ ነው። ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ የሆነ ቁጥር ይጽፋል፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣው ትራንዚተር ያንኑ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበው ሰነድ) ላይ ይገለብጣል፣ ዕቃው ሲፈተሽ ደግሞ ቁጥሩና ልብሱ አይገናኙም። ከዚያ የቀረጥ ልዩነት አለ፣ ቅጣት አለ፣ መጋዘን ውስጥ በከረመ ቁጥር የሚቆጥር ኪራይ አለ። የሚያናድደው፣ አብዛኛውን ነገር ገና ሳታዙ ናሙናውን በእጃችሁ ይዛችሁ መለየት ትችሉ ነበር።

መጀመሪያ ጨርቁን እዩ። በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ ስታዩት ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሠራ እርስ በርሱ ከተያያዘ የሹራብ አሠራር ነው፣ በታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 61 ይገባል። ድርና ማግ ሆኖ የተሸመነ ከሆነ ምዕራፍ 62 ነው። «ይለጠጣል» ብላችሁ ብቻ አትወስኑ፤ ላስቲክ ክር የገባበት የተሸመነ ጂንስም ይለጠጣል። ቲሸርት ደግሞ የሹራብ ስለማይመስል ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ግን አሠራሩ ያው ቀለበት ነው።

ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጡ ነገሮች አሉ። ጡት ማስያዣ በሹራብ አሠራር ቢሠራም 6212 ነው፣ ማለትም ምዕራፍ 62 ውስጥ። የሹራብ ኮፍያ ደግሞ ከባርኔጣዎች ጋር 6505 ይገባል። ካልሲ 6115፣ ጓንት 6116፣ የአንገት ሻርፕ 6117 ነው፤ እነዚህ ብዙም አያጣሉም።

የሚያጣላው ከወገብ በላይ የሚለበሰው ነው። ቀላል ጨርቅ፣ ኮሌታም ቁልፍም የሌለው፣ ታችኛው ጠርዙ ዝም ብሎ ታጥፎ የተሰፋ ከሆነ ቲሸርት ነው፣ 6109። ሹራብ፣ ካርዲጋንና የተለመደው ሁዲ 6110 ናቸው። ኮሌታና ከደረት ላይ ጥቂት ቁልፍ ያለው ፖሎ የወንድ ከሆነ 6105፣ የሴት ከሆነ 6106 ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ያው ፖሎ ከወገብ በታች ኪስ ካለው፣ ወይም ታችኛው ጠርዙ ላይ የሚያጠብቅ ሪብ (እንደ ላስቲክ የሚሰበሰብ የሹራብ ጠርዝ) ወይም ገመድ ካለው፣ ወይም ደግሞ ጨርቁ ላላ ብሎ የተሠራ ሆኖ በ1 ሴንቲ ሜትር በአማካይ ከ10 ያነሰ ቀለበት ከተቆጠረበት፣ ከ6105 እና ከ6106 ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው 6110 ላይ ነው። ቆጠራው ቢያንስ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ፣ ወደ ጎንም ወደ ታችም ነው የሚካሄደው። ማስመሪያና አጉሊ መነጽር ይበቃል። አሰልቺ ነው፣ ግን ቁጥሩዋ የምትቀየረው በዚህች ነገር ነው።

ቀጥሎ የክሩ ዓይነት። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። ሂሳቡ በክብደት ነው፤ የበዛው ክር ያሸንፋል። 60 በመቶ ጥጥ፣ 40 በመቶ ፖሊስተር ከሆነ ሹራቡ የጥጥ ነው፣ 6110.20። እኩል በእኩል ከሆነ ግን በታሪፍ መጽሐፉ ውስጥ ምዕራፉ ወደ ኋላ የሚመጣው ይመረጣል፤ ጥጥ ምዕራፍ 52 ነው፣ ፖሊስተር ከዚያ በኋላ ስለሚመጣ ልብሱ የሰው ሠራሽ ክር ሆኖ 6110.30 ይሆናል። ሌላም ወጥመድ አለ። መለያው ላይ 40 በመቶ ጥጥ፣ 35 በመቶ አክሪሊክ፣ 25 በመቶ ፖሊስተር ቢል ጥጡ የበለጠ ይመስላል። አይደለም። አክሪሊክና ፖሊስተር ሁለቱም ሰው ሠራሽ ስለሆኑ አንድ ላይ ይደመራሉ፣ 60 በመቶ ይሆናሉ።

ይህ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ካላችሁ አሜሪካን ውሰዱ። እዚያ የአብዛኛው የጥጥ ሹራብ መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ፣ የአብዛኛው የሰው ሠራሽ ክር ሹራብ 32 በመቶ ነው። በ10,000 ዶላር ዕቃ ላይ 1,650 ወይም 3,200 ዶላር ማለት ነው፣ ሌላ ተጨማሪ ቀረጥ ሳይነካ። ኢትዮጵያ ከጥር 2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ስለወጣች፣ ከሐዋሳ ልብስ የሚገዛ የአሜሪካ ነጋዴም ይህን ሂሳብ መሥራት ነበረበት።

የሕፃን ልብስ ለብቻው ነው፤ ቁመቱ ከ86 ሴንቲ ሜትር ለማይበልጥ ልጅ ከሆነ ቲሸርትም ይሁን ሹራብ 6111 ይገባል። የወንድና የሴት በሚለይባቸው ቁጥሮች ላይ፣ ከፊት ሲዘጋ ግራው በቀኙ ላይ ከተደረበ የወንድ፣ ቀኙ በግራው ላይ ከሆነ የሴት ነው፤ ልብሱ የማን እንደሆነ ጨርሶ ካልለየ ወደ ሴቶቹ ይሄዳል። በአንድ ከረጢት አብረው ስለታሸጉ ብቻ የተለያዩ ልብሶችን አንድ ቁጥር አትስጧቸው። ፒጃማና ቱታን የመሳሰሉ የራሳቸው ቦታ ያላቸው ስብስቦች ካልሆኑ በቀር እያንዳንዱ ለብቻው ይመደባል።

የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ዓለም አቀፉን የታሪፍ ሥርዓት በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር ራሱ ስለሚጨምር፣ የላኪውን ረጅም ቁጥር እንዳለ አትውሰዱ። ከተጠራጠራችሁ ዕቃው ሳይጫን ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቁ። የአሜሪካ ጉምሩክ ዕቃው የትኛው ቁጥር እንደሚገባ አስገዳጅ ውሳኔ በነፃ ይሰጣል፣ የቀድሞ ውሳኔዎቹንም ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ማየት ይችላል፤ አገር ቤት ደግሞ ጥያቄውን ለጉምሩክ ኮሚሽን ከናሙና ጋር አቅርቡ። ደብዳቤው ላይ «የሹራብ ልብስ» ብላችሁ አትተዉት። የክሩን በመቶኛ በክብደት፣ በሴንቲ ሜትር ስንት ቀለበት እንዳለው፣ አንገቱና ታችኛው ጠርዙ እንዴት እንደተሠራ፣ ኪሱ የት እንዳለ ጻፉ፣ የፊትና የኋላ ፎቶም አያይዙ።