እርጎ አልረጋ ሲል ጥፋተኛው ብርዱ፣ ወተቱ ወይስ ቫይረስ መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ላይ እርጎ አልረጋ ካለ የመጀመሪያው ተከሳሽ ብርዱ ነው። እኔም ለሰፈራችን ቁርስ ቤት ሳቀርብ መላዬ ቅሉን በጋቢ ጠቅልሎ ምድጃ ዳር ማሳደር ነበር። ሦስት ቀን ተከታትሎ ሲቀጥንብኝ ግን ባለቤቷ «እህቴ፣ ይሄን በሰሃን ላቅርበው በብርጭቆ?» አለችኝ።

ወተት የሚረጋው የእርሾው ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ቀይረው ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 4.6 አካባቢ ሲያደርሱት ነው። እነሱን የሚያጠቃ ፋጅ የሚባል ቫይረስ አለ፤ ሰው አይነካም። ባክቴሪያው ውስጥ ይራባና ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያፈነዳዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ ዋይትሄድና ኮክስ የአይብ እርሾ የሚያከሽፈው እሱ መሆኑን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው።

መለያው ሦስት ኩባያ ነው።

1. ወተት አፍልታችሁ አቀዝቅዙ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ገነፈለ ብላችሁ አታውርዱት፣ ሩብ ሰዓት ይንተክተክ።

2. ለሦስቱም እኩል ወተትና እኩል እርሾ አድርጉ። እርሾው ችግሩ ሳይመጣ ፍሪዘር ያስቀመጣችሁት ይሁን። የጎረቤት እርሾ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ፋጅ መራጭ ነው፣ የሌላ ቤት ባክቴሪያ ላይነካ ይችላል።

3. አንደኛውን ተዉት። ሁለተኛው ላይ ካልረጋው እርጎ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ከዚያው ካልረጋው እርጎ፣ ቫይረሱ እንዲሞት ሩብ ሰዓት ካፈላችሁት አንድ ማንኪያ ጨምሩ።

እኔን ያዋረደኝ ማንኪያው ነው። በአንዱ ማንኪያ ሦስቱንም አማሰልኩ። በማግስቱ ሦስቱም ውሃ! ሦስቱም እንቢ ካሉ የሚጠረጠረው ወተቱ ነው፤ ላሚቷ ለጡት በሽታ አንቲባዮቲክ ተወግታ ከሆነ ማፍላት አያጠፋውም። እኔም ወተት አምጪዬን «ላምህን አስወግተህ ደበቅከኝ» ብዬ በሰው ፊት ጮህኩበት። ሰውየው አልዋሸም፤ ቫይረሱን ከሁለተኛው ኩባያ ወደ ሌሎቹ ያዞርኩት እኔው ነኝ። ሦስት ማንኪያ ያዙ፤ ያልፈላውን የነካ እጅ ሳይታጠብ ሌላ ኩባያ አይንካ።

4. ጠቅልላችሁ አሳድሩ። ሁለተኛው ብቻ ከቀጠነ ፋጅ ነው። ሦስቱም ከረጉ ጋቢ ጨምሩ።

ፋጅ ከሆነ ያልረጋውን ከማድቤት አርቃችሁ ድፉ፤ ፕላስቲክና ብረት ዕቃውን በበረኪና እጠቡ። የወይራ ጭስ መዓዛ ይሰጣል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አልተማመንበትም፣ ቅሉን ቀይሬዋለሁ። አሁን ከሁለት ቤት ያመጣሁትን እርሾ በየሳምንቱ አፈራርቃለሁ፤ ክዳናቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ ክር አስሬበታለሁ።