ፈጣኗን ዙር ሳይሆን ልዩነቱን ጻፉ

ለማራቶን እየተዘጋጃችሁ የፍጥነት ልምምዱ ለውጥ ያላመጣ ከመሰላችሁ፣ ምናልባት የምትመዘግቡት ፈጣኗን ዙር ብቻ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዙር ሰዓት ያዙ። 1 ኪሎ ሜትር 6 ጊዜ ሮጣችሁ የመጀመሪያው 4:00፣ የመጨረሻው 4:18 ከሆነ ደብተራችሁ ላይ "18" ብላችሁ ጻፉ። በቃ። ከወር በኋላ በዚያው 4:00 ጀምራችሁ በ4:06 ከጨረሳችሁ፣ ፈጣኗ ዙራችሁ ባትሻሻል እንኳ አድጋችኋል። አንዷ ፈጣን ዙር የምታሳየው የዕለቱን ጉልበት ነው፤ ማራቶን የሚጠይቀው ደግሞ ደክሞም ፍጥነትን አለመልቀቅ።

መንገዱና በየዙሩ መሃል ያለው እረፍት ግን ሁሌም አንድ ይሁን። እኔ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ነው የምሮጠው። ዛፎቹ ሥር የሰዓቴ ጂፒኤስ ስለሚቀባጥር አንዴ በደንብ ለክቼ መነሻና መድረሻዬን በድንጋይ ምልክት አድርጌያለሁ (ድንጋዩን ልጆች ሁለቴ አንስተውብኛል፣ ዛፍ ይሻላል)። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እጀምራለሁ፤ ሲረፍድ ሙቀቱም የሐይቁ ነፋስም ቁጥሩን ያበላሹታል።

አዲስ አበባ የሮጣችሁትን ከዚህኛው ጋር አታወዳድሩ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። ከወባ ገና ያገገመ ሰውም ለጊዜው ሰዓቱን ቤት ይተወው።