ልጆች ቤት ተዘግቶባቸው ሲውሉ፦ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በሦስት ቀኑ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ነበር የተባለው። ደረጃ በደረጃ መከፈት የጀመረው ግን በ2013 ጥቅምት ነው።

ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር የ15 ዓመት ልጅ እነዚያ ወራት ከሌላው ይብሱ ነበር። ቤተሰቡ ዕጣ ወጥቶለት ከመሀል ከተማ ወጥቷል። አብሮ አደጎቹ ግን ልደታና መርካቶ ቀርተዋል። ከሰው የሚያገናኘው ትምህርት ቤቱ ነበር፤ እሱም ተዘጋ። ወላጅ ስለ ትምህርቱ ሲጨነቅ ልጁ የናፈቀው ሰው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለማየት ይመስለኛል። ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቤት ቢያስቀምጠን እንዳይደገሙ ብዬ ነው የጻፍኳቸው።

«ጠግቦ ነው» ማለት

ትልቅ ሰው ሲጨንቀው «ጨነቀኝ» ይላል። ጎረምሳ በር ያላትማል። ታናሹን ይቆጣል፣ ምሳ አልበላም ይላል፣ እስከ አምስት ሰዓት ይተኛል። ሴቷ ልጅ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን አመመኝ ስትል ትሰነብታለች፤ ጤና ጣቢያ ስትመረመር ምንም አይገኝባትም። አስመስላ አይደለም። ጭንቀት ሰውነት ላይ ይወጣል፣ ሕመሙም እውነተኛ ነው። ስለዚህ ከቁጣው በፊት «ሰሞኑን እንቅልፍ ይወስድሃል?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። «ምን ሆነሃል?» ብትሉት «ምንም» ነው የሚላችሁ።

ስልኩን መንጠቅ

በዚህ ብዙ ቤት ተጣልቷል። ትምህርት ቤቶች ወርክሺት በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ደህና ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ቀን አባት ጋ ነው፣ ማታ ታናናሾቹ ይሻሙበታል። ሁሉም ሲተኛ ለትልቁ ይደርሰዋል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ ከቀኑ ይረክሳል። ልጁ በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ስልክ ሲነካካ የሚያየው ወላጅ «ተበላሸብኝ» ይላል። ልጁ ግን ጓደኞቹን የሚያገኝበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ጭንቀቱ ይብስበታል። መላው ከቀኑ ሰዓት ቆርሶ መስጠት ነው። ከአስር እስከ አስራ አንድ ሰዓት ስልኩ የእሱ ይሁን፣ ማንም አይጠይቀው። ካርድ ከተገኘ በድምፅ ይደውል። የጓደኛን ሳቅ መስማትና ሌሎች የለጠፉትን ፎቶ ብቻውን ሲያይ ማደር አይገናኙም።

ብቻውን የሚሆንበት ጥግ መንፈግ

ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ሲውል ብቸኝነት ከየት ይመጣል ይባላል። ይመጣል። ጎረቤታችን ያለ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ መሀል ደረጃው ላይ ይቀመጥ ነበር። ማስኩ አገጩ ላይ፣ አጠገቡ ባዶ ጀሪካን። ውሃ ሊቀዳ እንደወጣ ነው የሚናገረው። ቧንቧው ግን ያን ቀን ተራው አልነበረም፤ እሱም ያውቃል። ጀሪካኑን የሚይዘው ለመውጣት ምክንያት እንዲሆነው ነው። እናቱ ጠርታ ባታስገባው ደስ ይለኝ ነበር። ኮሪደርም ሆነ በረንዳ፣ ለግማሽ ሰዓት የማይጠራበት ቦታ ለጎረምሳ ትልቅ ነገር ነው።

«አያትህን ትገድላታለህ» ብሎ ማስፈራራት

እጅ ለማስታጠብ የተባለ ነው፤ ይገባኛል። ግን አንዳንድ ልጅ ቃሉን ይዞት ያድራል። አያት ባሳለች ቁጥር «እኔ ነኝ ያስያዝኳት» እያለ ይሰቃያል። ምን ማድረግ እንዳለበት ንገሩት፦ ማስክ፣ ሳሙና፣ ርቀት። ቫይረሱ ደግሞ ሰው ሳያውቀው እንደሚተላለፍ፣ ማንም ቢታመም ጥፋቱ የልጅ እንዳልሆነ በግልጽ ንገሩት።

ቴሌቪዥኑን ለዜና ከፍቶ መዋል

ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ የተመረመረውን፣ የተያዘውንና የሞተውን ቁጥር ያወጣ ነበር። አንዴ መስማት ይበቃል።

«እኛ ስንቱን አይተናል» ማለት

የደርግን ዘመን ማሳለፍ ቀላል አይደለም። ለልጁ ግን የሚሰማው «ዝም በል» ሆኖ ነው፤ ሁለተኛ ችግሩን ይዞ አይመጣም።

ስለ ሞት ሲያወራ መደንገጥና ማለፍ

«ባልኖርስ» ያለ ልጅ ላይ «አፍህን ያዝ!» ይባላል። ወይም ሐሳቡን አስታውሰዋለሁ ተብሎ ይፈራና ይታለፋል። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በእርጋታ ጠይቁት፤ ሲመልስ አታቋርጡት። አስቤያለሁ ካለ ብቻውን አትተዉት። የአይጥ መርዙን፣ በረኪናውንና መድኃኒቱን ከእጁ አርቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እንዲህ ባይልም እንኳ ሐዘኑ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብና እንቅልፉ ከተዛባ፣ ይወደው የነበረው ሁሉ ካስጠላው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉላችኋል። ጸበሉን መተው የለባችሁም፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ለጎረቤት ምን እንደምትሉ ግን ቀድማችሁ ከልጁ ጋር ተነጋገሩ፤ የሚፈራው ሐኪሙን ሳይሆን የግቢውን ወሬ ሊሆን ይችላል።