የተጠፋፉ መንትዮችን በአንድ ተዋናይ መቅረጽ

በሕፃንነታቸው የተጠፋፉ መንትዮች ታሪክ የታሚል ሲኒማ (የደቡብ ህንድ የታሚልኛ ፊልም) የቆየ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ፒ. ዩ. ቺናፓ፣ በ1949 ደግሞ ኤም. ኬ. ራዳ ሁለቱንም ወንድማማቾች ሆነው ተጫውተዋል። በ1965 በወጣው «ኤንጋ ቪቱ ፒላይ» ተዋናዩ ኤም. ጂ. አር. ተጨቁኖ ያደገውን ፈሪም፣ ማንንም የማይፈራውን ወንድሙንም ብቻውን ተሸክሟል። በፊልም ጥቅል ዘመን የተለመደው ዘዴ የሌንሱን ግማሽ ሸፍኖ መቅረጽ፣ ጥቅሉን ወደኋላ መልሶ ቀሪውን ግማሽ መቅረጽ ነበር። ሁለተኛው ቀረጻ ከተበላሸ የመጀመሪያውም አብሮ ይጠፋል። ዛሬ ያው ሥራ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በስልክና በትራይፖድ ይሠራል፤ ተዋናዩ በየግማሹ ተራ በተራ ይቀረጽና ሁለቱ ቪዲዮዎች በኤዲቲንግ ይጋጠማሉ።

ከካሜራው በፊት ግን ተዋናዩ ይዘጋጅ። በእነዚህ ታሪኮች መሐል ላይ መንትዮቹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ልብስ ይለብሳል። ስለዚህ ልዩነቱን ልብስ ላይ ብቻ የጣለ ድራማ እዚያ ጋ ይፈርሳል። ለእያንዳንዱ መንታ ሦስት ነገር ወስኑ፦ አረማመድ፣ የእጅ አቀማመጥ፣ የንግግር ፍጥነት። ከዚያ ተዋናዩን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሳችሁ፣ ከጀርባው 10 ሜትር ሲራመድ ሁለቴ ቅረጹና ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። የሚራመደው ሌላ ሰው ካልመሰለው ልምምዱ አላለቀም።

ወሎ ለዚህ ታሪክ የተመቸ አገር ነው። አንዱ መንታ ደሴ ከሙስሊም ነጋዴ ቤት፣ ሌላው ሐይቅ ዳር ከክርስቲያን ገበሬ ቤት ቢያድግ የወሎ ተመልካች ማብራሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም እምነት መኖሩን ያውቀዋል። ችግሩ ማተቡና ኮፊያው ነው። ቦታ ከተለዋወጡ በኋላ ማን ምን እንዳጠለቀ ይምታታል። ከየትዕይንቱ በፊት ተዋናዩን ከፊትና ከጎን ፎቶ አንሡትና ከትዕይንቱ ቁጥር ጋር አስቀምጡት።

ሁለቱ ፊት ለፊት አብረው የሚታዩበትን ሾት ከአምስት ወይም ከስድስት አታስበልጡ። ለቀረው ቁመቱና ትከሻው የሚመሳሰል ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም። መተቃቀፍና ዕቃ መቀባበል በሙሉ በዚህ መንገድ ይሠራል። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይም እንዲሁ፤ በዚያ ግርግር ፍሬሙን (ካሜራው የሚያየውን ምስል) ለሁለት መክፈል የማይሞከር ነው።

ፍሬሙን የምትከፍሉበት መስመር የበር መቃን፣ የቤት ማዕዘን ወይም ምሰሶ ላይ ይረፍ። ነፋስ የሚያወዛውዘው የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ከወደቀ መጋጠሚያው ያስታውቃል። ተዋናዩ ብቻ ሳይሆን ጥላውም መስመሩን አይሻገር፤ አብዛኛው ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ትራይፖዱ ሥር 5 ኪሎ ያህል ድንጋይ በከረጢት አንጠልጥሉ። ፎከስ፣ የብርሃን መጠንና የቀለም ሚዛን በእጅ ይቆለፉ፤ የስልኩ የንቅናቄ ማረጋጊያ ይጥፋ። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉ፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ30 ፍሬምና በ1/60 ብትቀርጹ አምፖሉ ምስሉ ላይ ጥቁር ሰንበር ሊጥል ይችላል።

መጀመሪያ ንግግሩን የሚመራውን መንታ ቅረጹ። ሌላው በሚቆምበት ቦታ በዓይን ቁመት ልክ ምልክት ያለበት በትር ተክላችሁ ተዋናዩ እሱን ይመልከት፤ ይህ ከቀረ ወንድማማቾቹ አንዱ ካንዱ ጆሮ በላይ ሲያዩ ይገኛሉ። በሁለተኛው ቀረጻ በትሩ ወዲያኛው ጎን ይተከላል፣ የመጀመሪያው ንግግር ደግሞ ከካሜራ በተሸሸገው ጆሮ በትንሽ ማዳመጫ ይሰማል። ልብስ ቅያሪውን ጨምሮ በሁለቱ መካከል 20 ደቂቃ አይለፍ። ደሴ ላይ ጉም ከጦሳ ተራራ ከወረደ ብርሃኑ በቅጽበት ስለሚለወጥ፣ ግማሹን በጠራ ሰማይ ከቀረጻችሁ ሌላውን ግማሽ በጉም አትቀጥሉ፤ ጠብቁ ወይም ሁለቱንም ከአዲስ ጀምሩ። በመጨረሻ ባዶውን ቦታ 10 ሰከንድ ቅረጹ፤ መጋጠሚያው ሲበላሽ የሚጠግነው እሱ ነው።

ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱን ቪዲዮዎች አነባብራችሁ የላይኛውን መስመሩ ላይ ቁረጡ፤ ጠርዙንም ከ10 እስከ 20 ፒክስል አለስልሱ። አንዱ ጎን ከደመቀ የብርሃን መጠኑ አልተቆለፈም ማለት ነው፤ በቀለም እርማት በመጠኑ ይስተካከላል። መጋጠሚያው ከተንቀጠቀጠ ግን ትራይፖዱ ተነክቷል፤ ደግማችሁ ቅረጹ እንጂ በማለስለስ አትድከሙ።

መንትዮቹ የሚተዋወቁት በእናታቸው ዜማ ከሆነ፣ የአገሩ አምባሰል ወይም ባቲ ቅኝት አለላችሁ። ዘፈኑ ከምስሉ በፊት ይቀረጽና በሁለቱም ቀረጻ ላይ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅ፤ አለዚያ ከንፈሮቹ አይገጥሙም። ማሲንቆው በየቀረጻው መሐል ይላላልና በስልክ መቃኛ እየለካችሁ መልሱት። የሁለተኛውን ወንድም ድምፅ ተዋናዩ እንደገና ይዝፈነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ደርባችሁ ከተጠቀማችሁ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ሁለት ሰው አይሰማም፤ ጥቂት ካዘገያችሁትም ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል።